ማተብ ያሰረ ቲማቲም

«እማሆይ አትጠገብ እኮ አረፉ» ያለኝ ባሕር ዳር መናኸሪያ ያገኘሁት የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ስለ ጡረታውና ስለ ወገቡ ሕመም ሲያወራኝ ቆይቶ፣ አንድ እግሩን አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ካሳረፈ በኋላ እንደ ዘበት ጣል አደረጋት። ከተቀበሩ ሁለት ወር አልፏቸዋል። ሰው ሲሞት የሚጠየቀው ነገር ይታወቃል፤ ምን አሟቸው ነበር፣ ተኝተው ነበር ወይስ ድንገት ነው ይባላል። እኔ ግን፣ ነውሬን አልደብቅም፣ አፌ ላይ የመጣልኝ «ዘንድሮም ቲማቲም ዘርተው ነበር?» የሚል ጥያቄ ነው። ባልደረባዬ ትክ ብሎ አየኝና «አንተ ደግሞ፣ ነፍስ ይማር አይቀድምም?» ብሎኝ ገባ።

እውነቱን ነው፣ ነፍስ ይማር ይቀድማል። ግን እማሆይን ያለ ቲማቲማቸው ማሰብ አልችልበትም። እስከ ዛሬ ገበያ ላይ የተደረደረ ቲማቲም ሳይ እጄን ወደ ኋላ አደርጋለሁ። ባለቤቴ «ቲማቲም የሚፈራ የአትክልት ባለሙያ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» እያለች ጎረቤት ታስቅብኛለች። ለምን እንደሆነ ነግሬያት አላውቅም።

ደብረ ታቦር የተመደብኩት በደርግ ጊዜ ነው። የአውራጃው እርሻ ጽሕፈት ቤት የአትክልት ባለሙያ ተብዬ፣ አንድ ዲፕሎማ፣ አንድ የዝናብ ካፖርትና ለሦስት ሰው የሚበቃ ኩራት ይዤ ሄድኩ። በአንዱ ግንቦት ሪፖርት እየጻፍኩ ሳለ፣ ቆባቸውን እስከ ቅንድባቸው ያወረዱ ቀጭን መነኵሲት ሳያንኳኩ ገቡና እንቅባቸውን ወረቀቴ ላይ ገለበጡት። ቲማቲም ነው። ግን ምኑ ቲማቲም ይባላል! አንዱ ቢጫ፣ አንዱ እንደ ዱባ የተሸነተረ፣ አንዱ አውራ ጣት የሚያህል፣ አንዱ ደግሞ ሆዱ ቀልቶ ትከሻው አረንጓዴ ሆኖ የቀረ።

«እስቲ ፍረድ፣ የመንግሥት ልጅ» አሉኝ። «እኒህ የአንድ እናት ልጆች ናቸው?»

ታሪኩን እንደቆሙ ነገሩኝ። ባላቸው ሲሞቱ ቆብ የጫኑ ናቸው፤ አስማማው የሚባል አንድ ልጅ አላቸው። ሚሊሺያ ተመልምሎ ሰሜን ዘምቷል። ባለፈው ዓመት አሥመራ ገበያ ያገኘውን የቲማቲም ዘር በፓኬት፣ ፈቃድ በወጣ ጓደኛው እጅ ላከላቸው። ፓኬቱ ላይ ክብ፣ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ ቲማቲም ተሥሏል። «ብርድ ይችላል አሉኝ፣ እማየ፣ ለጾም ወጥሽ» ብሎ ጽፎላቸዋል። ዘሩት። አርባውም እግር ተክል ልክ ሥዕሉን አፈራ፤ አንዱ ካንዱ አይለይም። ከዚያ በአገራችን ገብሱም ጤፉም እንደሚደረገው ዘር አስቀርተው በዓመቱ ዘሩት። የወጣው ይኸው ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ነው።

«ዲቃላ ስለሆነ ነው፣ እማሆይ» አልኳቸው።

«አፍህን ሰብስብ። ልጄ የላከው ነው።»

ደንገጥ ብዬ ቃሌን አለሳልሼ አስረዳኋቸው። ሁለት የተለያዩ ዘሮች ተጋብተው የወጣ ነው፤ የመጀመሪያው ትውልድ አንድ መልክ ይይዛል፤ ከሱ የተገኘው ዘር ሲዘራ ግን የአያቶቹ መልክ ሁሉ ተበታትኖ ይወጣል።

«እስከ ዛሬ የት ነበሩ፣ አያቶቹ?»

«ውስጡ ተደብቀው።»

«ውስጡ ተደብቀው» አሉ ደግመው። ጠረጴዛው ላይ ያሳረፉትን እጃቸውን ሰበሰቡ።

የመጀመሪያውን መመለስ ይቻል እንደሆነ ጠየቁኝ። ይቻላል አልኩ፤ ያን ጊዜ የማይቻል ነገር አላውቅም። በየዓመቱ ሥዕሉን የሚመስለውን እየመረጡ፣ የማይመስለውን እየነቀሉ ስድስት ሰባት ዓመት ቢለፉ ዘሩ ይረጋል። «ያው ራሱ ባይሆንም ቁርጥ እሱን የሚመስል ይገኛል» ብዬ ጨመርኩ።

«የሚመስል ምን ያደርግልኛል? ራሱን ነው የምፈልገው።» ከዚያ፣ ዝናብ ከጣለ ጭቃ ይሆናል እንደሚል ሰው ረጋ ብለው፣ «ደብዳቤው ከቆመ ስምንት ወሩ ነው። ዘሩ ሲመለስ እሱም ይመለሳል» አሉኝ። ቲማቲማቸውን አንድ በአንድ ለቅመው ወጡ።

የቲማቲም መደባቸው ከጎጇቸው ጀርባ፣ የማርያም ቤተ ክርስቲያን የድንጋይ አጥር ሥር ነው። ፀሐይ በደንብ ያገኘዋል፤ ከጉና ተራራ የሚወርደውን ውርጭ ደግሞ አጥሩ ይመልስላቸዋል። ጥር ላይ ችግኙን በሰሌን ይሸፍኑታል። «ዋንዛዬ ፍል ውኃው ዳር ሞቃት ነው፣ እዚያ ቢዘሩት ቶሎ ይደርሳል» ብላቸው «የደብረ ታቦር ብርድ ያልፈተነው የእኔ አይደለም» ብለው አባረሩኝ። አፋቸው እንዲህ ነው። ቢሮ ውስጥ የምንባባለውን ሰምተው «ጓድ ልበልህ ወይስ ስም አለህ?» ይሉኛል። እኔም ሥራዬ ሳይሆን በሳምንት አንድ ቀን እሄድ ጀመር። እወዳቸው ነበር፤ ቀስ እያልኩም ፈራኋቸው።

ፍርሃቱ የጀመረው በክሩ ነው። የመረጡት ተክል እንዳይጠፋባቸው ክር እንዲያስሩበት ነግሬያቸው ነበር። በሳምንቱ ስሄድ ታስሯል፤ ግን ጥቁር፣ የተገመደ፣ ክርስትና በተነሣ ሕፃን አንገት ላይ የሚታሰረው ዓይነት። ማተብ ነው። ዘጠኝ ተክል ማተብ አስሮ በተርታ ቆሟል።

«ምነው፣ እማሆይ?» አልኳቸው።

«ያለ ማተብ የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል?» አሉና አንገቴን አዩ። ያን ጊዜ መሥሪያ ቤታችን ማተብ ያሰረ ሰው በበጎ አይታይም ነበርና የእኔን ፈትቼ ኪሴ ውስጥ ነበር የምይዘው። እኔም የዚያን ቀን እነዚያን ተክሎች ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ከሁሉ የከበደኝ ጥያቄያቸው ነው። ጠበል ቦታ የዋለ ሰው ያውቀዋል፤ ካህኑ የታመመውን ሰው ያጠምቅና ውስጡ ያደረውን መንፈስ «ማነህ? ተናገር!» ይለዋል። እማሆይ ጠዋት ጠዋት፣ ጭጋጉ ሳይገለጥ፣ በየተክሉ ፊት ቁጢጥ ይሉና በለሆሳስ «ማነህ አንተ?» ይላሉ። መጠየቃቸው አይደለም የከበደኝ፤ ሰው ከበሬውም ከዶሮውም ያወራል። ጠይቀው መጠበቃቸው ነው። ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ይቆያሉ፣ ይቆያሉ፣ ከዚያ «እሺ» ብለው አንዱን ያልፉታል፣ ሌላውን ከነሥሩ ይመዙታል። የነቀሉትን ለፍየል አይሰጡም። ሰው እንደሚቀበረው፣ ጫፉን ወደ ምዕራብ ሥሩን ወደ ምሥራቅ አድርገው አጥሩ ሥር ያስተኙታል።

አንድ ቀን ደፍሬ «ይመልስልዎታል እንዴ?» አልኳቸው።

«የሚዋሸው ይመልሳል» አሉ እጃቸውን እያራገፉ። «ደኅናው ዝም ነው።»

ሦስተኛው ዓመት፣ አራተኛው፣ አምስተኛውም መጣ። ደብዳቤ የለም። ከአስማማው ጋር የዘመቱ የሁለት ልጆች መርዶ ለቤተሰባቸው ተነግሯል፤ የእሳቸውን ልጅ ያየ አንድም ሰው አልተገኘም። ለቅሶ እንቀመጥ ያሏቸውን ዘመዶች «በሕይወት ያለ ሰው አይለቀስም» ብለው በዱላ ነው ያባረሯቸው። ዘሩም አልረጋ አለ። በየዓመቱ ቀዩ በዛ፣ ክቡ በዛ፣ ግን ሥዕሉን የሚያህለው ጥቂት ነው፤ የሚገኘውም በዓመቱ ይጠፋል። እኔ ንብ አዳቅሎባቸው ይሆን፣ አፈሩ ይሆን እያልኩ እብሰለሰላለሁ። «ዘር የሚያስቀሩት ከደኅናው ነው አይደል?» ስላቸው «ከደኅናው ነው» ይሉኛል። ከየትኛው ደኅና ብዬ አለመጠየቄ ነው እንግዲህ የእኔ ጅልነት።

በአምስተኛው ዓመት፣ በግንቦት ልደታ ጠዋት፣ እንቅባቸውን በነጠላ ሸፍነው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ቅጽሩ በር ላይ አገኘኋቸው። ልሸከምልዎ ብዬ ስቀበላቸው ነጠላው ገለጥ አለ። ትልልቅ፣ ክብ፣ ደማቅ ቀይ። ሥዕሉ ራሱ ነው።

«ምንድን ናቸው እነዚህ?»

«የማርያም ናቸው። ደብዳቤው የቆመ ጊዜ ተስያለሁ። ልጄን እስክትመልሽልኝ ድረስ፣ ከዘሩ ቀድሞ የበሰለው፣ ከሁሉ የተመረጠው፣ በየዓመቱ የአንቺ ነው ብያታለሁ። ካህናቱ ባርከው ለነዳያን ያድሉታል።»

«ታዲያ ዘር የሚያስቀሩት ከምን ሊሆን ነው?»

«ከተረፈው ደኅናውን።»

በቁሜ ደረቅሁ። በየዓመቱ ምርጡን ለነዳያን እያበሉ ትራፊውን ነው የሚዘሩት፤ እኔ ደግሞ ባለሙያው በየሳምንቱ እየሄድኩ ቅጠል አገላብጣለሁ። እዚያው በሩ ላይ ለመንኳቸው። አንድ ዓመት ብቻ ያስቀሩት፣ ከአንድ ምርጥ እግር ብቻ ዘር ይያዙ አልኳቸው።

«ስለት እኮ ነው፣ ልጄ።»

«ማርያም አንድ ዓመት ብትታገሥ ምን ትሆናለች? ዘሩ ሲመለስ እሱም ይመለሳል ያሉኝ እርስዎ አይደሉም? ዘሩ እንዳይመለስ የያዘው ይሄው ነው።»

ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው። እንቅባቸውን ከእጄ ወስደው ገቡ።

በሚቀጥለው ዓመት ግን አስቀሩት። በልደታ ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሳይሄዱ ቀሩ። ስሄድ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ከበሮውን እየሰሙ ነበር። አጠገባቸው ከአንድ እግር የተለቀሙ ሰባት ቲማቲሞች አሉ፤ አንዱን አንሥተው ቆረጡት። ዘሩን ከነጭማቂው ቅል ውስጥ አድርገው ውኃ ጨመሩበት።

ያንን ዘር በሰባተኛው ዓመት ዘሩት። እንግዲህ ስልሳ እግር ነው፤ ስልሳውም አንድ ሆነ። ቁመቱ አንድ፣ ፍሬው አንድ፣ የሚቀላበት ቀን እንኳ አንድ። እኔማ በደስታ ልበር ደረስኩ። ጎጇቸው ገብቼ ፓኬቱን ከተሰቀለበት አወረድኩና ፍሬው አጠገብ ይዤ «ይኸው! እማሆይ፣ ይኸው!» አልኩ። እሳቸው አልሳቁም። በተርታው መሐል እየሄዱ እያንዳንዱን ጠየቁት፤ ስልሳ ጊዜ። ጠይቀው ሲጨርሱ አንድ ፍሬ ቆርጠው በቢላ ከፈሉት።

ውስጡ በቅሏል። ዘሮቹ ፍሬው ሆድ ውስጥ ፈንድተው ነጫጭ ሥራቸው እንደ ትል ተጠላልፏል፤ ጨለማ ውስጥ ያደገ ገርጣጣ ቅጠልም አለው። አንዳንዴ ከመጠን በላይ ሲበስል የሚሆን ነው፣ ተምሬዋለሁ፣ ነገርኳቸውም። ግን ሌላ ቆረጡ፣ እሱም እንዲያው ነው። ሦስተኛው ደኅና ነበር፤ ቀመሱትና መዳፋቸው ላይ መልሰው ተፉት።

«መልኩ እሱ ነው» አሉ። «እሱ ግን አይደለም።»

ሦስት ሳምንት አልሞላም፣ «የእማሆይ ልጅ መጣ!» እየተባለ ሰው ሲሮጥ ሰማሁ። ካፖርቴን ሳላነሣ ሮጥኩ። ተማርኮ ኖሮ ሲለቁት በጋይንት በጋሳይ አድርጎ በእግሩ መጥቷል። ደጁ በእልልታ ተሞልቷል። አንድ ጢማም፣ አጥንቱ የወጣ ሰው እናቱ እግር ሥር ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ይስማል። ከቀኝ እጁ ሁለት ጣት የለም። እማሆይ አገጩን ይዘው ቀና አደረጉት። ጥርሱን አዩ። ከጆሮው ኋላ ያለውን ምልክት አዩ። ክንዱን ገልጠው ሕፃን ሳለ እሳት የበላውን ጠባሳ ዳሰሱ። ሁሉም አለ።

«ማነህ አንተ?» አሉት በለሆሳስ።

እልልታው ተቋረጠ። እኔ በልቤ ዝም በል፣ ስለ ማርያም ዝም በል እያልኩ ነበር። እሱ ምን ያውቃል?

«አስማማው ነኝ፣ እማየ! አስማማው!»

እማሆይ እጃቸውን ከአገጩ ላይ አነሡ። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም፣ ኀዘን ብቻ ነው። «ይነሡ፣ እንግዳ» አሉት። «መንገዱ አድክሞዎታል። ይግቡ፣ እግርዎን ላጥብዎ።»

ከዚያ ወዲህ ልጃቸውን አንተ ብለው አያውቁም። የነፍስ አባታቸው ቢገሥጹ፣ ሽማግሌ ቢሰበሰብ፣ አብሮ አደጎቹ ቢምሉ፣ «እናንተ አስማማውን ታውቁታላችሁ፤ እኔ ግን ወልጄዋለሁ» ነው መልሳቸው። አልበደሉትም። የሚተኙበትን መደብ ለቀውለት መሬት ይተኛሉ፣ ከራሳቸው ቀንሰው ያበሉታል፣ ለእንግዳ የሚገባውን ሁሉ ያደርጉለታል። ስልሳውን እግር ግን ከነማተቡ ነቅለው አጥሩ ሥር አስተኙት።

እኔ አላስችል ብሎኝ ለብቻቸው አገኘኋቸውና እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እርስዎን ያሳሳትኩ እኔ ነኝ፣ ልጅዎን ግን ይቀበሉት አልኳቸው።

«አንተ ምን አደረግህ? እጄ ነው የቆረጠው» አሉና ፀጉሬን ዳበስ አደረጉት። «ስለቷን ባስቀርባት የሚመስለውን ላከችልኝ። አልተቀየምኳትም። አሁን ስለቷን ሳላስቀርባት በፊት ከያዝኩት ዘር የተረፈ አለኝ፤ ካንድ እጀምራለሁ። በደንብ ከሰጠኋት ራሱን ትልከዋለች።»

ይህን ሲሉ ዓይናቸው እንባ የለውም፣ ድምፃቸው ጤነኛ ነው። ከአጥሩ ወዲያ ልጃቸው በግራ እጁ መሬት ሲቆፍር ይሰማኛል። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ለአንድ አፍታ ቀና ብዬ አየሁትና፣ እውን እሱ ነው ወይ አልኩ።

ወደ ባሕር ዳር የተዛወርኩት በዓመቱ ነው። ልሰናበታቸው የሄድኩ ዕለት ግንቦት ልደታ ነበር፤ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። እማሆይ መቋሚያቸውን ይዘው ከፊት፣ አስማማው ሦስት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ከኋላ ይሄዳል። እንቅቡን የተሸከመው እሱ ነው። ነጠላው ሥር ቀድመው የበሰሉት አሉ። ለማን መመለስ እንደሚሰጡ አገር ያውቃል።

እማሆይን ተሳልሜ ካሳለፍኩ በኋላ ክንዱን ይዤ አቆምኩት። «አስማማው፣ ይሄ ስለት እኮ አንተ እንድትመጣ የሚሰጥ ነው። እንዴት አስችሎህ ትሸከመዋለህ?»

«አውቃለሁ» አለኝ።

«አይከፋህም?»

«መጀመሪያ ከፍቶኝ ነበር። አልቅሻለሁ፣ ጥዬ ልሄድም ተነሥቼ ነበር።» ዓይኑን ወደ እናቱ ጀርባ አዞረ። «አገሩ ሁሉ እንኳን በደኅና መጣህ አለኝ። ከእኔ ውስጥ እዚያ የቀረ ሰው እንዳለ ያወቁ እሳቸው ብቻ ናቸው። አሁን እኔም አብሬያቸው እየጠበቅሁት ነው።»

እንቅቡን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረና ተከተላቸው።